«ምናልባት» ብለው የጻፉልኝ ቃል

የካ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ መምህሬ ለአቶ በላይነህ፣ ጎሬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ማለቴ በዚህ ዘመን ደህና የሚባለውን ያህል ደህና ነን። ጎሬ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ አያባራም ሲሉ ሰማሁ፤ ያ ሳልዎ አልተነሣብዎትም? አድራሻዎን ያገኘሁት ከድሮው ትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነው። ከእስር ተፈትተው ሳይሰናበቱን መሄድዎ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን በእነዚህ ዓመታት ማን ማንን ተሰናብቶ ሄደ ብዬ ተውኩት።

ረስተውኝ እንደሆነ አስቴር ነኝ፤ ያቺ ዘጠነኛ ክፍል ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምቀመጠው። በየዓረፍተ ነገሩ «ቬሪ» እየጨመርኩ ሳስቸግርዎ «ልጄ፣ በርበሬም ሲበዛ ወጥ ያበላሻል» ያሉኝ። አሁን በመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ። ባለቤቴን ኤጀታ ገመዳን ያውቁታል፤ ሠርጋችን ላይ አብራችሁ ዘምራችኋል፣ እርስዎ ዜማውን አጥፍተው እሱ ሲስቅብዎት ትዝ ይለኛል።

ኤጀታን አምና ጥቅምት ከቤተ ክርስቲያናችን ጽሕፈት ቤት ወሰዱት። ቤተ ክርስቲያኑም በዚያው ሳምንት ታሸገ። ከዚያ ወዲህ እኔና እናቱ እማማ ጫልቱ በየቅዳሜው ስንቅ እናደርሳለን። ስሙ የተለጠፈበት ምሳ ዕቃ ሞልቶ ይገባል፣ ባዶውን ይመለሳል። ሰውየውን በዓይናችን ካየነው ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። በዚያ በር የምንሰለፍ ሴቶች ሁላችን የምናውቀው አንድ ሕግ አለ፦ ስንቁ ከገባ ሰውየው አለ ማለት ነው። ሰውየው ከሌለ ዘበኛው «ከእንግዲህ አታምጪ» ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም፤ ሴትዮዋም እዚያው ትወድቃለች። ስንቷን ደግፈን እንዳነሣን እግዚአብሔር ይቁጠረው። ለእኔ ግን እስከ ዛሬ «አታምጪ» ያለኝ የለም።

የምጽፍልዎ ስለዚህ ነው። ባለፈው ሳምንት ቤተ ክርስቲያናችንን ይረዱ ከነበሩ የባሕር ማዶ ሰዎች በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰኝ። ስለ ኤጀታ ሲያጠያይቁ ቆይተዋል። ሌላውን እንደ ምንም አነበብኩት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። «ኖ ሎንገር አላይቭ» ይላል። እሷን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ አውቃታለሁ፤ በሕይወት የለም ማለት ናት። ግን ከፊቷ «ፕሪዙመብሊ» የምትል ቃል ገብታለች። እሷን አልተማርኩም፣ ወይም በተማርንበት ቀን ሳወራ ነበር። እንግሊዝኛ የሚያውቁት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ገሚሱ ታስረዋል፣ ገሚሱ የት እንዳሉ አይታወቅም። ጋሼ በላይነህ፣ ባሌ በዚህች ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ምን ማለት ናት?

ፖስታ ላይ ያነቡብሻል ካሉኝ ያንብቡት፤ ስለ ኤጀታ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ደግሞ እርስዎም እዚያው ግቢ ውስጥ እንደነበሩ ሰምቻለሁና፣ በዓይንዎ አይተውት ነበር?

ተማሪዎ፣ አስቴር


ጎሬ
ጥር 29 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ለአስቴር፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እማማ ጫልቱ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር፤ ተሻላቸው ወይ? ስለ እኔ አታስቢ። ሳሉም አለ፣ ዝናቡም አለ፤ ሁለቱም ተለማምደውኛል። አንድ መጽሐፍ ለስድስት ተማሪ እያካፈልኩ አስተምራለሁ፤ ጠመኔ ሲጠፋ በከሰል እንጽፋለን። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን መልስ ጀምሬ ነበር፤ ቀደድኩት። በማግስቱም እንዲሁ። የመምህር ነገር ታውቂው የለ፣ የራሱን ጽሑፍ ማረም አይሰለቸውም።

ወደ ቃሏ ልምጣ። ሰዋስው ላይ ተውሳከ ግሥ የምንላት ዓይነት ናት። ራሷ ምንም አትሠራም፤ ሌላው የሠራውን ታከብዳለች፣ ታቀላለች። ልጆቹን የማስተምረው እንዲህ እያልኩ ነው፦ በር ላይ እርጥብ ጃንጥላ ቆሞ ካየህ፣ «ፕሪዙመብሊ ውጭ ይዘንባል» ትላለህ። ዝናቡን አላየኸውም። ያየኸው ጃንጥላውን ነው። ይህን ቃል የሚጽፍ ሰው ምስክር የለውም ማለት ነው፤ አልነበረም፣ አልሰማም፣ አልነካም። ከሩቅ ሆኖ ይገምታል። ደግሞስ ጃንጥላውን አንዱ አጥቦት ቢሆንስ? ሰዎቹ ባሕር ማዶ ተቀምጠው ስለ የካ ምን ያውቃሉ?

ስለዚህ በአማርኛ «ምናልባት» ብለሽ ውሰጃት። ከዚያ በላይ ክብደት አትስጫት። ምናልባት የለም፣ ምናልባትም አለ። እንግሊዞች ለትሕትና ሲሉ ብዙ ቃል ያበዛሉ፤ ይህችም ከዚያ ናት።

ጎመኑ ዘንድሮ እንዴት ነው? እዚህ እንኳ ሥሩ ብቻ ነው የሚገኘው። እማማን እጅ ንሺልኝ።

መምህርሽ፣ በላይነህ


የካ ሚካኤል
የካቲት 21 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህሬ ለጋሼ በላይነህ፤

እንደምን ከረሙ? ደብዳቤዎን ሳነብ አለቀስኩ፣ ግን ደህና ልቅሶ ነው። «ምናልባት» የሚለውን ለእማማ ሳነብላቸው «ምናልባት ከሆነማ ጠላት ያስወራው ነው» ብለው ወገባቸውን ታጥቀው ተነሡ። ሚካኤል ሄደው ተሳሉ። ልጃቸው ጴንጤ ሆነ ብለው ሁለት ዓመት አኩርፈውት ነበር፤ አሁን ግን መልአኩንም ኢየሱስንም እኩል ያስቸግራሉ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቤታችን ቤት መሰለ።

ከዚያ እኔ አበላሸሁት። ዝም ብዬ ብቀመጥ ምን ነበረበት? መዝገብ ቤታችን ውስጥ ለይኩን የሚባል ሠራተኛ አለ፤ ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አለው፣ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበት ነው የሚኖረው። ለምን እንደፈለግኩ ሳልነግረው ቃሏን አሳየሁት። አነበበና «ይህ እኮ ምናልባት አይደለም» አለኝ። «ሳይሆን አይቀርም ነው። ተቃራኒው እስኪገኝ ድረስ እውነት ነው ተብሎ የሚያዝ ነገር ነው።» ወደ ወንበሬ ተመለስኩና ያን ቀን አንድ ገጽ አምስት ጊዜ ተየብኩ።

ጋሼ፣ ከ«ምናልባት» እስከ «ሳይሆን አይቀርም» ስንት እርምጃ ነው? ልጆቹን ለማስተማር የሚጠቀሙበት የጃንጥላው ምሳሌ ገብቶኛል። እኔም በየቅዳሜው ባዶ ምሳ ዕቃ አያለሁ። ታዲያ ኤጀታ «ፕሪዙመብሊ» በልቷል ልበል? ይህን እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን ግን ሌላ ነገር ያስጨንቀኛል። ከአምና መጋቢት ጀምሮ ልብሱ ለአጠባ አይወጣም። ንጹሑ ይገባል፣ ያደፈው አይመለስም። ሌሎቹ ሴቶች በፌስታል የወጣላቸውን ያደፈ ሸሚዝ እያሸተቱ ሲሄዱ እኔ ቆሜ አያለሁ። ዘበኛውን ስጠይቀው «እዚያው ያጥባሉ» አለኝ።

ደግሞ የእማማ ነገር አለ። ጋዝ በቀበሌ ራሽን ነው፣ አይበቃም፤ ስለዚህ ለስንቁ ማብሰያ የሚሆን ጭራሮ እንጦጦ ወጥተው ነው የሚለቅሙት። ሰባ ሊሞላቸው ነው። ባለፈው ሐሙስ የደን ጠባቂ አባሯቸው ቁልቁለቱ ላይ ወደቁ። ጎረቤታችን አቶ ከበበ በአህያ አምጥቷቸው ጎናቸው አብጦ አገኘኋቸው። «ይቅርብዎ» ስላቸው «ልጄ በሕይወት እያለ እግሬን አጣጥፌ ልቀመጥ?» አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት እያነከሱ ተነሡ።

እንግዲህ የምፈልገው ይህ ነው። ኤጀታ የለም ከተባልኩ እሳቸውን አሳርፋለሁ፣ ለእሱም እናለቅሳለን። አለ ከተባልኩ ሥራዬን ትቼም ቢሆን እንጨቱን እኔ እሸከማለሁ። በመካከል መቆም ግን ሴትዮዋን እየገደለብኝ ነው። ባለፈው የጠየቅኩዎትን አንድ ጥያቄ ዘለውታል። መምህር ጥያቄ ሲዘል አላይም ነበር። አይተውት ነበር ወይስ አላዩትም?

ተማሪዎ፣ አስቴር


ጎሬ
መጋቢት 13 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ለአስቴር፤

የእማማን መውደቅ ሰምቼ አዘንኩ። እግዚአብሔር ይማራቸው። በቅቤ አሽተሻቸው ይሆናል፤ ወጌሻ ብታሳያቸው ይሻላል።

ስለ መዝገበ ቃላቱ፤ ለይኩን የተባለው ሰው ስሕተት አልተናገረም። ግን መዝገበ ቃላት የሚጻፈው ሰው ሲሞት ሐኪም ፈርሞ፣ ቄስ ተጠርቶ፣ መቃብሩ ላይ ስም በሚጻፍበት አገር ነው። እዚያ «ሳይሆን አይቀርም» ይባላል፤ ነገሩ ተጣርቶ ያልቃላ። እኛ ዘንድ ስንቱ ሞቷል ተብሎ ተለቅሶለት በእግሩ መጣ? ስንቱስ አለ ሲባል? ቃሉ አንድ ነው፤ አገሩ ግን ሌላ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዘንድሮ ለልጆቹ የተውሳከ ግሥን ምዕራፍ ዘልዬዋለሁ። «ሰርተንሊ»፣ «በእርግጥ» የሚለው ጋ ስደርስ መጽሐፉን ከደንኩት።

ለጥያቄሽ፦ እኔ በሌላ ወገን ነበርኩ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ክፍሉም ብዙ ነው። አላየሁትም። ሳልመልስ የቀረሁት ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው።

የልብሱን ነገር አታጥብቂው፤ ዘበኞቹ እንደ ፈለጉ ነው የሚያደርጉት። ይልቅ እማማን ከዚያ ዳገት አስቀሪያቸው። እባክሽ። ለሰባ ዓመት እናት እንጨት ተሸክሞ መውረዱ አንሶ፣ ቅዳሜ ደግሞ ክዳኑ በሽቦ የታሰረ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ፀሐይ ላይ ሰዓት ሙሉ መቆም ምን ይሉታል? ስንቁ ቢቀር ማንም አይሞትም። በዝንጅብሉ ላይ ያን ያህል መልፋት የለባቸውም። ስለ እኔ ብለሽ አስቀሪያቸው።

መልሴ አጭር ሆነብኝ፤ ይቅርታ። የተማሪ ወረቀት ተከምሮብኛል።

መምህርሽ፣ በላይነህ


ጎሬ
ሚያዝያ 27 ቀን 1973 ዓ.ም.
በሂርጳ እጅ

ለአስቴር፤

ከፋሲካ በፊት የላክሽው ደብዳቤ ሰላምታ የለውም። አምስተኛ ክፍል እያለሁ አባቴ ከላከልኝ የቁጣ ደብዳቤ በቀር እንዲህ ያለ አልደረሰኝም። ሁለት መስመር ነው፦ «ክዳኑ በሽቦ መታሰሩን ማን ነገረዎት? ዝንጅብሉንስ?»

ማንም አልነገረኝም። ሽቦውን ሰባት ወር ሙሉ በገዛ ጣቴ ስፈታ ስለነበር ነው።

ይህን በፖስታ መላክ አልቻልኩም፤ ሂርጳ የቡና መኪና ሹፌር ነው፣ የታመነ ሰው ነው። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። አሁን ቁጭ በይ።

እኔና ኤጀታ አንድ ክፍል ነበርን። ስድሳ ሰው ነበርን፤ የምንበላው በማዕድ ነው፣ ስምንት ስምንት ሰው። ስንቅ የሚመጣለት ከማይመጣለት ጋር ይመደባል፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡት ማንም የላቸውምና። የእኛ ማዕድ የሚኖረው በእናንተ ምሳ ዕቃ ነበር። እኔም ያው ማንም የለኝም። ኤጀታ የእማማን ጎመን ሲከፍት «ዝንጅብሉን አሽቱት፣ እናቴ ታርቃኛለች» ይል ነበር።

አምና መጋቢት 19 ቀን፣ ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ ስሙን ጠሩት። «ዕቃህን ተው» አሉት። በዚያ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሹራቡን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለው፤ «ይበርድሃል፣ ያስልሃል» አለኝ። ከእሱ ጋር አራት ሰዎች ወጡ። አንዳቸውም አልተመለሱም። እዚህ ላይ ምንም ተውሳከ ግሥ አያስፈልግም፤ በሩ እስኪዘጋ አይቼዋለሁ፣ የሆነውን ደግሞ ክፍሉ ሁሉ በጆሮው ሰምቶታል።

በማግስቱ ቅዳሜ ምሳ ዕቃችሁ መጣ። የሁዳዴ ጾም ነበር፣ ሽሮና ጎመን ነው። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ «ኤጀታ ገመዳ!» ብሎ ጠራ። አዲስ ሰው ነበር፣ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ አያውቅም፣ ግድም የለው። አቶ ገረሱ የሚባሉ የክፍላችን ሽማግሌ ነበሩ። ቀስ ብለው «ይህን ከመለስነው አሮጊቷን እናቱን በሩ ላይ ገደልናቸው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፄ ከእሱ ጋር ይመሳሰል ነበርና።

«አቤት» አልኩ።

ለእናንተ አዝነን ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ርቦን ነበር። ያን ቀን ማንም ቀና ብሎ ማንንም ሳያይ በላን። ከዚያ በየቅዳሜው፣ ሰባት ወር ሙሉ፣ በባልሽ ስም «አቤት» ያልኩት እኔ ነኝ። ልብሱንም ተካፍለን ለበስነው፤ ለአጠባ ብናወጣው በሌላ ሰው ላብ ታውቂብን ነበር። እኔ ስፈታ «አቤት» የሚለው ሌላ ሰው ሆነ፤ ማን እንደሆነ አልነግርሽም።

ስወጣ ወደ የካ ለመምጣት ሁለት ጊዜ መንገድ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ጎሬ ሲመድቡኝ ደስ አለኝ፣ ሩቅ ነውና። ያንቺ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ቃሏን ሳያት ሳቅ መጣብኝ፤ የማልዋሽበት ነገር ሰጠሽኝ መሰለኝ። ስለ ሰዋስውም ስላየሁትም ጠየቅሽኝ፤ እኔ ስለ ሰዋስው ብቻ መለስኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው።

ሹራቡን ልኬልሻለሁ። ለብሼው ነው የወጣሁት፣ ክረምቱን በሙሉ ለብሼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ግን አልችልም። ለእማማ ሽማግሌዎች ይዘሽ በወጉ፣ ጎሕ ሲቀድ ይነገራቸው። ሂርጳን «ለአስቴር ለራሷ በእጇ» ብዬዋለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አፍ የለኝም። ግን እጠይቃለሁ።

በላይነህ


የካ ሚካኤል
ግንቦት 17 ቀን 1973 ዓ.ም.

በላይነህ፤

ከአንድ ምሳ ዕቃ የበላን ሰዎች ስለሆንን ከእንግዲህ አንተ እልሃለሁ።

መልእክትህ ደርሷል። ግን እንዳሰብከው አልደረሰም፤ እንዴት እንደደረሰ ማወቅ አለብህ። ሂርጳ የመጣው እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። እማማ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ያሳደጉት ሰዎች ይባረኩ፤ እናት ደጅ ላይ ተቀምጠው ሳለ እሳቸውን አልፎ ለምራት ዕቃ መስጠት ነውር መሰለው። ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ብሏቸው በሁለት እጁ ሰጣቸው። «ከጎሬ ነው፣ ለአስቴር ነው» አለ፤ መኪናው መንገድ ዘግቶ ስለነበር ሄደ።

እማማ ጥቅሉን ፈቱት። ሹራቡን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ክርኑ ላይ የነበረውን ቀዳዳ ግን የጣፉት እሳቸው ናቸው፣ በቡናማ ክር። የራሳቸውን ስፌት አወቁት። ልጃቸው ተፈትቶ ጎሬ ያለ፣ ልብሱም ቀድሞት የመጣ መሰላቸው። «ኤጀታ ኮ! ኤጀታዬ!» ብለው እልል አሉ።

ከአውቶቡስ ስወርድ እልልታው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ሞልቷል። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ እንኳን ለቤቱ አበቃው» እያሉ ይስሙኛል። አቶ ከበበ ድንኳን እንትከል ይል ነበር። እማማ ሹራቡን ነጠላቸው ላይ ደርበው፣ ያ ያበጠ ጎናቸውን ረስተው ይዘላሉ። ደብዳቤውን ያልተከፈተ ሰጡኝ። «የእሱ ጽሑፍ ነው? አንብቢልን» አሉኝ። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። ጓሮ ሄጄ ብቻዬን ላንብብ አልኩ፣ አፍራለች ብለው ሳቁ። አጥሩን ተደግፌ አነበብኩት። ስጨርስ ከፊት ለፊት እልልታው አልቆመም ነበር።

ምን ልላቸው ነበር? «የጓደኛው ደብዳቤ ነው» አልኩ። «መቼ ይመጣል ይላል?» አሉኝ። «ቀኑን አልጻፈም» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ አንተ ያስተማርከኝ ዓይነት ነው።

ለእሱ የት እንደማለቅስለት አጣሁ። ቤት ውስጥ እናቱ አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ታሽጓል። በሦስተኛው ቀን እንጨት ልልቀም ብዬ እንጦጦ ወጣሁና ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቼ ጮህኩ። እንጨት የሚለቅሙ ሦስት ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው መጡ። ማን እንደሞተ አልጠየቁኝም። አብረውኝ ደረት መቱ፤ አንዷ ብቻ «የኔም አለ» አለችኝ። ከዚያ ሸክማቸውን ይዘው ወረዱ። የኤጀታ ልቅሶ ይኸው ነው፤ ሌላ አልተደረገለትም።

ይቅርታ ጠይቀኸኛል። ስንቁን ይቅር ብዬሃለሁ፤ እንዲያውም ስለበላችሁት ደስ ብሎኛል። ያ ጎመን ለእሱ ባይደርስ ለሰው ደረሰ። «አቤት» ማለትህንም አልጠላሁትም፣ አቶ ገረሱ ልክ ናቸው፤ እማማ ያን ቅዳሜ በሩ ላይ ይሞቱ ነበር። የምጠላህ በሌላ ነው። ዓይንህ ያየውን በልብህ ይዘህ፣ ቁጭ ብለህ ስለ እርጥብ ጃንጥላ ጻፍክልኝ። ብዕር ይዘህ፣ እንደ ክፍል ውስጥ አሰካክተህ። «ሰርተንሊ» የምትለውን ቃል ታውቃት ነበር። እኔ ያንን ወረቀት ትራሴ ሥር አድርጌ አንድ ሳምንት ደስ ብሎኝ ተኝቻለሁ። ያንን ሳምንት ይቅር ልልህ አልችልም። ሞክሬ ነበር፣ ጸልዬም ነበር። አልቻልኩም።

እማማ ስንቅ አቁመዋል። «ተፈቷል፣ ለማን ነው?» አሉ። ስለዚህ በዚያ በር ከእንግዲህ የኤጀታ ስም አይጠራም። ከአንተ በኋላ «አቤት» ይል የነበረው ሰውና ማዕዱ ላይ የቀሩት ሌሎቹ ምን እንደሚበሉ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ደብቄ ልወስድ አስቤ ነበር፤ እሳቸው ካዩኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ተውኩት። ይህም በእኔ ላይ ነው።

መርዶውን በወጉ ይነገራቸው ብለህ ነበር። አቶ ከበበን በመጨረሻ ነገርኩት፤ አለቀሰ፣ ድንኳን እንትከል ስላለ አፈረ። ሽማግሌዎቹን ይዞ ጎሕ ሲቀድ ሁለት ጊዜ መጥቷል። መጀመሪያ ቀን አጥሩ ጋ ወጥቼ መለስኳቸው፣ እማማን አሟቸው አደረ ብዬ። በሁለተኛው ቀን ደህና ነበሩ፣ ተነሥተው ፊታቸውን ይታጠቡ ነበር፤ ለእሱ የገዙለትን አዲስ ካልሲ ምሰሶው ላይ ሰቅለውታል። እንደገና ወጥቼ መለስኳቸው። ሽማግሌዎቹ ሦስተኛ አንመጣም አሉ። እውነታቸውን ነው።

አሁን እማማ ጠዋት ጠዋት ሹራቡን ለብሰው ከሚካኤል ወደ ታች ያለው መንገድ ዳር ይቀመጣሉ። ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ያያሉ። እኔ ከሥራ ስመለስ እጃቸውን ይዤ አስነሣቸዋለሁ። ትናንት ማምሻውን ስንመለስ ደከማቸውና አጥሩ ጋ ቆም አሉ። «ነገስ ይመጣ ይሆን?» አሉኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ልነግራቸው ነበር።

«ምናልባት፣ እማማ» አልኳቸው።

«ይሁን» ብለው ክንዴን ያዝ አድርገው ገቡ።

አስቴር